መቆምና መጥፋት፦ የሰሜን ሸዋ ትናንሽ የባህል ድረ ገጾች ለምን ዱካ አይተዉም?

አንድ የባህል መጽሔት ድረ ገጽ ድንገት አልከፈት ሲል በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። አንዱ «መንግሥት ዘጋው» ይላል። ሌላው «ተጠለፈ» ይላል። ሦስተኛው «አዘጋጆቹ ተጣልተው ነው» ሲል፣ አራተኛው «ድሮስ ማን ያነበው ነበር» ብሎ ያልፋል። አራቱም መልሶች አልፎ አልፎ እውነት ይሆናሉ። አዘውትሮ የሚያጋጥመው ግን ሲሰሙት ተራ የሚመስል ነገር ነው፦ የድረ ገጹ ስም የዓመት ክፍያ አልፎበታል፣ አከፋፈሉን የሚያውቀው ሰው ከቡድኑ ወጥቷል፣ ጽሑፎቹም ሌላ ቦታ አልተቀመጡም።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። መጽሔት ሊቆም ይችላል፤ ማለትም አዲስ ዕትም ማውጣቱን ያቆማል። መጽሔት ሊጠፋም ይችላል፤ ማለትም ቀድሞ ያወጣውም አብሮ ይሄዳል። በወረቀት ዘመን እነዚህ ሁለቱ የተራራቁ ነገሮች ነበሩ። በበይነ መረብ ዘመን በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ወርዷል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መቆም አዲስ ነገር አይደለም

የኢትዮጵያ የኅትመት ታሪክ የቆሙ ጋዜጦችና መጽሔቶች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው «አእምሮ» መጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ፣ በጥቂት ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በጣሊያን ወረራ ተቋረጠ። «መነን» ከንጉሡ ዘመን ጋር፣ «የካቲት» ከደርግ ዘመን ጋር ይታወሳሉ። የ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቁጥራቸው የበዛ መጽሔቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ተወልደው በአጭር ጊዜ ውስጥ ተዘግተዋል።

ይሁን እንጂ የእነዚህን ቅጂዎች ዛሬም አንድ ተማሪ ወመዘክር ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሊያገላብጣቸው ይችላል። የመዝጋቢ ልማድም በዚሁ በሸዋ ሥር አለው፤ የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር በ1904 ዓ.ም. አሳትመዋል። አንድ መጽሐፍ ከእጅ ቢጠፋ እንኳ እንደነበረ የሚመሰክር ዝርዝር ይኖራል። ለድረ ገጽ መጽሔቶች እንዲህ ያለ ዝርዝር ማንም አልሠራላቸውም።

እንዴት ተነሡ?

ለትናንሽ የባህል ድረ ገጾች መነሣት ከሁሉ በፊት መጠቀስ ያለበት የፊደሉ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ደብረ ሲና የተጻፈ «ሀ» ዋሽንግተን ሲከፈትም «ሀ» ሆኖ ይታያል። ከዚያ በፊት አማርኛ በየራሱ ፎንት ይጻፍ ስለነበር ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር የሚያሳየው የተዘበራረቀ ምልክት ነበር። የዩኒኮድ ፊደል በየስልኩ ሲገባ መጽሔት ለማውጣት ማተሚያ ቤት መሄድ ግዴታ መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት የወቅቱ መንፈስ ነበር። በሰኔ 2010 መንግሥት ከ260 በላይ ድረ ገጾችን ከእገዳ ሲያነሣ፣ ለፖለቲካው ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢው ታሪክና ባህል መጻፍ ለሚሻውም ድፍረት ሰጥቷል።

ሦስተኛው የአካባቢው ሀብት ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ የሚጻፍ ነገር ሞልቷል። የአንኮበር የነገሥታት ከተማነት አለ፤ የይፋት የእስልምና ቅርስና የአርጎባ ማኅበረሰብ አኗኗር አለ፤ በምንጃር ሸንኮራ ኢራንቡቲ ላይ የሚከበረው ጥምቀት አለ። ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠሩት በርኖስ፣ ባና እና ዝተት የየራሳቸው የአሠራር ቃላት አሏቸው፤ እነዚህን ቃላት የሚያውቁት ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ የሚታተሙ ጋዜጦች ወደዚህ አካባቢ የሚያዩት አደጋ ወይም ግጭት ሲኖር ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ቃለ መጠይቅ ማድረግና ማስረጃ መሰብሰብ የሚችሉ የቋንቋና የታሪክ መምህራንንና ተማሪዎችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ለዋና ከተማው ቅርብ፣ ለገጠሩም ቅርብ መሆኗ ለዚህ ሥራ ምቹ አድርጓታል።

የጎተራው እህል

የእንዲህ ዓይነት መጽሔት የመጀመሪያ ዓመት ሁልጊዜ ያማረ ነው። ዕትሞቹ በሰዓታቸው ይወጣሉ፣ ጽሑፎቹ ረጃጅምና ጥሩ ናቸው፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆችም በናፍቆት ይቀባበሏቸዋል። ብዙዎች ይህን የመጀመሪያ ዓመት አይተው መጽሔቱ ሥር ሰደደ ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የሚሳሳተው።

በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣው ከጎተራ የወጣ እህል ነው። መምህሩ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው ማስታወሻ፣ ተማሪዋ ለመመረቂያ ጥናቷ የሰበሰበችው ሙሾና የሠርግ ግጥም፣ አንድ አዋቂ የጻፈውና የሚያወጣለት ያጣው የቀበሌው ታሪክ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። ያ ሲያልቅ አዲስ ማምረት ግድ ነው፤ አዲስ ማምረት ደግሞ ሌላ ወጪ አለው። ስለ በርኖስ አሠራር ለመጻፍ መሐል ሜዳ ድረስ መጓዝ፣ ማደር፣ የፈታዮችንና የሸማኔውን ቃል መቅዳት፣ የተቀዳውን ቁጭ ብሎ መገልበጥ ያስፈልጋል። የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ የሠለጠነ ሰውም ቢሆን ግማሽ ቀን ላይበቃው ይችላል።

የአርትዖቱ ሥራም ከውጭ ለሚያየው አይታይም። አማርኛ እስካሁን እንደ ሌሎች ቋንቋዎች አስተማማኝ የሆነ የፊደል አራሚ ፕሮግራም በሁሉም እጅ አልገባለትም፤ ስለዚህ እርማቱ በዓይን ነው። የአዛውንት ንግግር ሲጻፍ የአካባቢውን ቃል ጠብቆ ለሌላው አንባቢ እንዲገባ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሥራውን የሚሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ደመወዝ የለውም፤ ሌሊት ይሠራል። ይህ ሰው ሲያገባ፣ ሲዛወር ወይም ለትምህርት ሲሄድ ወርኃዊው መጽሔት በሁለት ወር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ «ሲመች» የሚወጣ ይሆናል። ሰነፉ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን የሚገርመው መድከማቸው ሳይሆን ያን ያህል መቆየታቸው ነው።

ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ መንገዱ ግን ጠባብ

«ገንዘብ ስለሌለ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። አንድ ድረ ገጽ በቋሚነት የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዶሜይን ነው፤ ይህም አንባቢ የሚጽፈው የድረ ገጹ ስም ሲሆን አይገዛም፣ በዓመት ይከራያል። ሁለተኛው ሆስቲንግ ነው፤ ጽሑፎቹና ፎቶግራፎቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ኪራይ ማለት ነው። በዶት ኮም የሚያልቅ ስም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ይከፈልበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ የ15 ዶላሩ ኪራይ ከ855 ብር ወደ ከ1,500 ብር በላይ ወጣ ማለት ነው። ይህ ጭማሪ ቢከብድም ለአንድ ቡድን የማይቻል አይደለም።

ከባዱ አከፋፈሉ ነው። ክፍያው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው በውጭ ምንዛሪ፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። የደብረ ብርሃን መምህር በ2013 ሥራ በጀመረው ቴሌብር የመብራት ሊከፍል ይችላል፤ ለውጭ ኩባንያ ግን በዚያ መንገድ የድረ ገጽ ኪራይ መክፈል ያስቸግረዋል። ስለዚህ ክፍያው በአብዛኛው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካርድ ይፈጸማል። የማሳሰቢያው መልእክትም የሚደርሰው በዚያ ሰው ኢሜይል ነው። ያ ሰው ካርዱን ሲቀይር፣ ኢሜይሉን መክፈት ሲተው ወይም ከአዘጋጆቹ ጋር መገናኘት ሲያቆም የመጽሔቱ ሕይወት ይህን በማያውቅ ሰው እጅ ቆሞ ይቀራል።

በገቢ በኩልም አማርኛ የሚከፍለው ዋጋ አለ። ጉግል በድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ እያስቀመጠ ለባለቤቶቹ የሚከፍልበት አድሴንስ የተባለው አገልግሎት ለረጅም ዓመታት ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አልነበረበትም። ስለዚህ አንባቢ ቢበዛም ብዛቱ ወደ ገንዘብ አይለወጥም ነበር።

በእርግጥ አንባቢ ጠፍቶ ነው?

ይህ ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን ወጣቱ ረጅም ጽሑፍ አያነብም፣ ቪዲዮ ወስዶታል ይላል። ሁለተኛው ወገን አንባቢ አለ፣ የሚያደርሰው መንገድ ነው የተበላሸው ይላል። የመጀመሪያው ስለ ጊዜው ልማድ የሚለው እውነት አለው፤ ሆኖም የሁለተኛው ማስረጃ ይበልጥ ጠንካራ ሆኖ ይታያል።

የኢትዮጵያ ትናንሽ ድረ ገጾች አንባቢ የሚያገኙት በአብዛኛው በፌስቡክ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ፌስቡክ ከገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ መልእክት እንደሚያስቀድም ሲያስታውቅ ገጽ ያላቸው ሁሉ በየተከታያቸው ፊት የመታየት ዕድላቸው ቀነሰ። አንባቢው አልሄደም፤ ጽሑፉ አልደረሰውም።

ከዚህ የሚብሰው የፍለጋ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ነገር ከሚገባው በታች ይወራል። አማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት አሉት፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አዘጋጁ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ በጥንቃቄ ሲጽፍ ፈላጊው «ስነ ፅሁፍ» ብሎ ይፈልጋል። ለሰው ዓይን አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የፍለጋ መሣሪያው ሁለቱን ካላገናኛቸው ጽሑፉ እያለ የለም። «ደብረ ብርሃን» እና «ደብረ ብርሀን» ላይም ይኸው ይደርሳል። በዚያ ላይ «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል መቀመጫው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል መቀመጫው ፍቼ። ፈላጊ አንዱን ፈልጎ ሌላው ይመጣለታል። ፊደሉን ጠንቅቆ የጻፈ መጽሔት በጥንቃቄው ምክንያት ሳይገኝ መቅረቱ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ መፍትሔው ግን ፊደል መጣል አይደለም። ከጽሑፉ ሥር የቃሉን ሌሎች አጻጻፎች በቁልፍ ቃልነት መዘርዘር ብዙ ይረዳል።

ጦርነቱና የተቋረጠው መስመር

የፖለቲካው ድርሻ የለም ማለት አይቻልም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የአካባቢው ሰው ሐሳብ መጽሔት ላይ አልነበረም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስና ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለበርካታ ወራት ቆየ። ይህ ለባህል መጽሔት የተለየ ትርጉም አለው፦ በአዲስ አበባና በውጭ ያሉ አንባቢዎች ማንበብ ይችላሉ፣ ጸሐፊዎቹ ግን መላክ አይችሉም። ስለ መንዝ የሚጽፈው መንዝ ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ ከዓመታት በፊት መንዝን ለቆ የወጣው ሆነ። የገጠር ጉዞም አስጊ ስለሆነ ቀረጻ ቆመ።

ሌላም ጫና ነበር። ቀረርቶና ፉከራ፣ የነገሥታት ታሪክ፣ የአጎራባች ሕዝቦች ግንኙነት ሁሉ እንደ ፖለቲካ መነበብ ጀመሩ። የአንኮበርን ቤተ መንግሥት አሠራር የሚገልጽ ጽሑፍ ለአንዱ ውዳሴ፣ ለሌላው ክስ ሆኖ ይታየዋል። አዘጋጁ ከሁለቱም ወገን ነቀፋ ሲመጣበት አነጋጋሪውን ርዕስ ይተዋል፤ የቀረው ርዕስ ደግሞ መጽሔቱን የሚያስወድድ አይሆንም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንም እንዲመዘገቡ ይጠይቃል። ሕጉን የሚደግፉ ወገኖች ምዝገባ ኃላፊነትን ያመጣል ይላሉ፤ የሚተቹት ደግሞ ለሦስት ጓደኛሞች ሥራ ይህ ከባድ ሸክም ነው ይላሉ። ለትንሽ የባህል መጽሔት የሁለተኛው ወገን ስጋት ሚዛን ይደፋል፤ ሆኖም ምዝገባው ራሱ መጽሔት ሲገድል አይታይም። የሚገድለው ከዚህ በታች ያለው ነው።

ስሙ ሲያልፍ ምን ይሆናል?

እንደ ዶት ኮም ያሉ ስሞች የኪራይ ቀናቸው ሲያልፍ ወዲያው አይወሰዱም። በተለመደው አሠራር እስከ 45 ቀን የሚደርስ የማደሻ ጊዜ አለ። ከዚያ ቀጥሎ 30 ቀን፣ በተጨማሪ ቅጣት ስሙን ማስመለስ የሚቻልበት ጊዜ ይመጣል። በመጨረሻ 5 ቀን ለመሰረዝ ይቆይና ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል። ድምሩ 80 ቀን ነው፤ መነሻ ላይ ሁለት ወር ተኩል ገደማ የተባለው ይህ ነው።

ቀድሞ ጎብኚ የነበረው ስም ዋጋ ስላለው የተለቀቁ ስሞችን እየጠበቁ የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ። የቀድሞው አንባቢ ያስቀመጠውን ማስፈንጠሪያ ሲነካ የውርርድ ማስታወቂያ ወይም በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ይመጣበታል። «ተጠለፈ» የሚለው ወሬ ከዚህ ይነሣል። ማንም አልጠለፈውም፤ ኪራዩ አልፎ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። ሆስቲንጉም ክፍያ ሲቋረጥበት ፋይሎቹን ይሰርዛል። ባክአፕ፣ ማለትም በሌላ ቦታ የተቀመጠ ሙሉ ቅጂ፣ ከሌለ ነገሩ ያበቃል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከነበሩ የበይነ መረብ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ የማይገኙ ሆነዋል። የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን አንዳንዱን ያተርፋል፤ ነገር ግን ጥቂት ጎብኚ ያለው የአማርኛ ገጽ በሙሉ መቀመጡን ማንም አያረጋግጥም። የእኛ ጉዳት የሚከፋው ሌላ ምንጭ ስለሌለ ነው። የፓሪስ ሙዚየም ገጽ ቢጠፋ ሙዚየሙ አለ። አንዲት የመንዝ እናት የተናገሩት የሱፍ አፈታተል ቃል ያለበት ገጽ ሲጠፋ ግን እናቲቱም አርፈው ሊሆን ይችላል።

ንብረቱ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ መጽሔቱ ሲጀመር አይነሣም፤ ሲቆም ግን ሁሉን ያስራል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጽሑፍ የጸሐፊው ነው፣ ጥበቃውም ጸሐፊው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። በወዳጅነት የተሰበሰበ መጽሔት እንዲህ ያለ ወረቀት አይኖረውም። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ምርጥ ጽሑፎቹን በመጽሐፍ ላሳትም ቢል ጸሐፊዎቹን አንድ በአንድ መፈለግ ይኖርበታል።

ዩኒቨርሲቲ ይረከበው የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ተቋም ሰርቨር አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ሰው ቢለዋወጥም ይቀጥላል። ተቃዋሚዎቹ ነጻነቱ ይጠፋል፣ የጥናት መጽሔት ሆኖ የሰፊው አንባቢ መሆኑ ይቀራል ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ዝግጅትንና ማከማቸትን ከለያየናቸው ክርክሩ ይለዝባል። ዝግጅቱ በአዘጋጆቹ እጅ ይቆይ፣ ቅጂው ግን በየዓመቱ ለቤተ መጻሕፍት ይሰጥ።

ለጋራ ንብረት አጠባበቅ ሰሜን ሸዋ ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም። የመንዝ ጓሳ የተባለው የጋራ የሣር መሬት ለዘመናት የተጠበቀው ቄሮ በሚባል የአካባቢው ሥርዓት ነበር (ቃሉ ከኋላ ዘመኑ የፖለቲካ መጠሪያ ጋር መምታታት የለበትም)። ሣሩ እስኪደርስ ተዘግቶ ይቆያል፣ በስምምነት ይከፈታል፣ ተጠቃሚው ራሱ በተራ ይጠብቃል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ሲያደራጀው መልሶ አገገመ። ጓሳውን ያቆየው ተራውና ደንቡ ነበር፤ ጠባቂው ሲለወጥ ጥበቃው አልተቋረጠም። እድርም ቢሆን ሊቀመንበሩ ሲለቅ መዝገቡን ያስረክባል። የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት፣ የማረጋገጫ ኮዱ በአንድ ሰው ሲም ካርድ ላይ ያለ መጽሔት ግን ማስረከቢያ መዝገብ የለውም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ማኅበር መመሥረት ስለሚችሉ፣ የሕግ በሩ ዝግ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። አዳዲስ ጀማሪዎች ድረ ገጽ ትተው ወደ ቴሌግራም ቻናል እየሄዱ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ በደካማ ኔትወርክም ይሠራል፣ ፒዲኤፍ ይቀበላል። የዶላሩ ጣጣ በዚህ ይፈታል። የባለቤትነቱ ግን እንዳለ ነው፤ ቻናሉን የከፈተው ሰው አካውንቱን ለወራት ሳይከፍት ከቆየ ቴሌግራም አካውንቱን ይሰርዘዋል። በዚያን ጊዜ ሌላ አስተዳዳሪ ካልተሾመ ቻናሉ ከነጽሑፎቹ ይታያል፣ ነገር ግን አንድ ፊደል የሚጨምርበት ወይም ስሕተቱን የሚያርምለት ሰው አይኖርም።